ሰኞ ሳይሆን ቅዳሜ፦ የአንድ የደሴ ፍራሽ ሠሪ የደረት ሕመም

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ደሴ ውስጥ በአንድ ፍራሽ ቤት የሚሠራ የ36 ዓመት ሰው ለአራት ዓመት ያህል በአስም ታክሟል። አስም ነበረበት ወይ ለሚለው ዛሬም በሙሉ ልብ መልስ አልሰጥም። ሕመሙ ከሥራው መምጣቱን ግን በቁጥር ማሳየት ችለናል። ለማሳየት የዘገየነው መሣሪያ አጥተን አልነበረም። አንድ ጥያቄ በተሳሳተ ቀን ስም ተጠይቆ ነው፤ ጠያቂውም እኔ ነበርኩ።

ሰውየው ስሙ ሳይጠራ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል። የሥራ ቦታውን የሚያሳውቅ ነገርም አላስገባሁም።

ሰውየውና ሥራው

ተወልዶ ያደገው ገጠር ነው። ከተማ የገባው በ20ዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ሲሆን፣ መጀመሪያ ሳየው ለ9 ዓመት ሥራው አንድ ነበር፤ ጥጥ መንደፍ። ድሮ በደጋን ይነደፍ የነበረው ጥጥ እዚህ ቤት በሞተር ነው የሚነደፈው። ማሽኑ ጥርስ የተተከለበት ከበሮ ነው፤ በአንድ በኩል የተጨመቀ ጥጥ ይጎርሳል፣ በሌላው በኩል ባዘቶ ይተፋል።

የሚነደፈው ጥጥ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ደንበኛ ሊያሳድስ ያመጣው የአሮጌ ፍራሽ ሆድ ነው፤ ዓመታት የተተኛበት፣ ሕፃን ያረጠበው፣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ የገባ። ሁለተኛው ከፈትል የተረፈ ውዳቂ ጥጥ ሲሆን በጆንያ ታጭቆ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ይመጣል። ውዳቂው ቅጠልና ገለባ ይበዛበታል። ርካሽ የሆነውም ለዚያ ነው።

ቤቱ ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው፤ አንድ በር አለው፣ መስኮት የለውም። መጀመሪያ የገባሁት ረፋድ ላይ ነበር። በጣሪያው የምስማር ቀዳዳ የገባች የፀሐይ ጨረር እንደ ቀጭን ነጭ ገመድ እስከ ወለሉ ተወጥራ ትታያለች። ማሽኑ ሲነሳ ገመዷ ወፈረች፤ ጥቂት ቆይቶ ከጨረሯ ወዲያ ያለው ግድግዳ ደበዘዘ። ጥጥ የሚያጎርሱት ሰዎች ቅንድባቸው ነጭ ነው። አፋቸውን በሻሽ አስረዋል፤ ሻሹ ከውጭም ከውስጥም ያው አቧራ ነው።

ሰውየው ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ባለቤቱ እንጀራ የምትጋግረው በእንጨት ሲሆን ማድ ቤቱና መኝታ ቤቱ በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። ይህንንም መዝግቤ ነበር። በእኛ አገር የአየር ቧንቧ በሽታ ሲነሳ ትንባሆን ብቻ የሚፈልግ ሐኪም ብዙ ያመልጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ሥር ከሰደደው የአየር ቧንቧ መጥበብ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው በማጨስ ይመጣል፤ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ግን የማጨስ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። ከቀረው ብዙው የማድ ቤት ጭስና የሥራ ቦታ አቧራ ነው።

እስከዚያ ድረስ የተሰጡት ስሞች

የቀድሞ ካርዱ በ2014ቱ ጦርነት ወቅት ጠፍቷል። የተረፈው ባለቤቱ በፌስታል አስራ ያስቀመጠቻቸው 7 ወረቀቶች ናቸው፤ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የራጅ ውጤትና የአክታ ምርመራ። በእነዚህ ላይ ሰውየው አንዴ ብሮንካይት፣ ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች፣ ከዚያ ወዲህ አስም ተብሏል። ቲቢ ተጠርጥሮ ሁለት ጊዜ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ ተሠርቶለት ሁለቱም ጊዜ ነፃ ሆኗል። አሞክሲሲሊን ደጋግሞ ወስዷል። መጀመሪያ የአየር ቧንቧን ለጊዜው የሚከፍተው የሳልቡታሞል ኪኒን፣ በኋላም በአፍ የሚሳበው የሳልቡታሞል ፓፍ ለብቻው ታዞለታል። አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም እንዲቀር ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጊና በ2019 እ.ኤ.አ. ቢወስንም፣ የቧንቧውን ቁጣ የሚያበርደው ስቴሮይድ ያለው ፓፍ ፋርማሲ ሲገኝ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይገኝም። ስለዚህ ማዘዣውን የጻፉትን አልወቅስም።

የአስም ምርመራው ራሱ ግን ቆም ሊያሰኘን ይገባ ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የጅማ ጥናት አስምን በከተማ ነዋሪ 3.6 በመቶ፣ በገጠር ነዋሪ 1.3 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ሰው ገጠር ያደገ፣ በልጅነቱ ደረቱ ሲጥ ሲጥ ብሎት የማያውቅ፣ ዘመዶቹም የሌለባቸው ነው። ሕመሙ የጀመረው በ32 ዓመቱ፣ ጥጥ መንደፍ ከጀመረ በአምስተኛው ዓመት ነው። አስም በዚህ ዕድሜ ሊጀምር ይችላል። ሲጀምር ግን ቀጣዩ ጥያቄ «ሥራህ ምንድን ነው?» መሆን ነበረበት።

ፌስታሉ ውስጥ ሌላም ነገር ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን ዘግይቼ ነው። በ7ቱ ወረቀቶች ላይ የተጻፉትን ቀኖች ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሳመሳክር 5ቱ ቅዳሜ ወይም እሁድ ዋሉ።

ኮምቦልቻ ወርዶ መዳን

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከተራራው ይወርድና ቀኑን ሙሉ ፒያሳ ላይ ይውላል። ደረቱን ለያዘው ሰው ጎረቤት የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ኮምቦልቻ ውረድ።» መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን ጠመዝማዛውን ሲጨርሱ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ቀንሷል፣ ካፖርትም ይወልቃል።

ሰውየው በ2014 ክረምት እህቱ ዘንድ ኮምቦልቻ ለስድስት ሳምንት ተቀመጠ። በሁለተኛው ሳምንት ሳሉ ለቀቀው። ፓፉንም ረሳው። ስለ መመለሻው በኋላ ሲነግረኝ «ሐረጎን ሳልጨርስ ደረቴ ያዘኝ» አለ፤ እሱም፣ ዘመዱም፣ ከዚያ በኋላ ያየው ሐኪምም ነገሩን በዚሁ ዘጉት፤ ብርድ ነው።

ባለቤቱ የምታስታውሰው ሌላ ነው። «ዶክተር፣ የመጣ ለትስ ደህና አደረ። ሐሙስ ነው የመጣው፤ ዓርብንም ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ዋለ። ቅዳሜ ሥራ ገብቶ ሲመለስ ነው በሩ ላይ የተቀመጠው።»

ኮምቦልቻ ሲወርድ ሁለት ነገር ነው አብሮ የተለወጠው፤ ብርዱም ቀረ፣ ጥጡም ቀረ። የከፍታውን ለውጥ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ማሽኑ አለመኖሩን ግን ማንም አልቆጠረውም። የሚገርመኝ ሰውየው ሐረጎ ላይ ታመምኩ ሲል አለመዋሸቱ ነው። ሕመሙ ከብርድ እንደሚመጣ ካመነ በኋላ ትዝታውም ተከትሎት ወደ ዳገቱ ሄደ። ታማሚን «መቼ ጀመረህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን እንዳለ መጻፍ አደጋ ያለበት ለዚህ ነው፤ አብሮት የሚኖረውን ሰውም መጠየቅ ይጠቅማል።

ሰኞ ይብስብሃል?

እኔ ዘንድ የመጣው በጥር 2015 አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱ በሁለቱም ጎን ሲጥ ሲጥ ይላል። ሥራውን ስሰማ ጥጥ የሚል ቃል ጆሮዬ ገባና ቢሲኖሲስ ትዝ አለኝ፤ የጥጥ አቧራ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ። ከትምህርት ቤት የያዝኩት አንድ ምልክት አለ፤ ሠራተኛው ሰኞ ሰኞ ደረቱ ይጨመቃል፣ ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ ይሻለዋል። ጠየቅሁት።

«ሰኞ ይብስብሃል?»

«ሰኞማ ደህና ነኝ ዶክተር። ሰኞ ገበያ ነው።»

በካርዱ ላይ «ከሥራ ቀናት ጋር አይያያዝም» ብዬ ጻፍኩ። ያ ዐረፍተ ነገር አሁንም እዚያው አለ፤ አልሰረዝኩትም።

የፍራሽ ቤቱ ባለቤት ሀጂ ናቸው። ቤቱ ዓርብ ሙሉ ቀን ይዘጋል። እሁድ ግን ከሁሉ ቀን ይበልጥ ይሠራል፤ የሰኞ ገበያ ሳይደርስ ፍራሽ ተሰፍቶ ማደር አለበትና። ስለዚህ የዚህ ሰው «ሰኞ» ቅዳሜ ነው። የመጽሐፉ ሰኞ እሁድን አርፎ ሰኞ ሥራ የሚገባው የእንግሊዝ ፈታይ ሰኞ ነው። በሽታው የሚያውቀው ከዕረፍት በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው፤ የቀኑ ስም አይገደውም። ሳንባ በየቀኑ አቧራውን ሲስብ በመጠኑ ይለማመደዋል፤ አንድ ቀን ሲያርፍ ልምዱ ይጠፋና በማግሥቱ እንደ አዲስ ይቆጣል። ለዚህ በዋናነት የሚጠረጠረው ጥጡ ላይ ካለው ቅጠልና ገለባ ጋር የሚመጣው የባክቴሪያ መርዝ ነው።

በዚህ መልኩ ከተራ የሥራ ቦታ አስም ይለያል። የሥራ ቦታ አስም ብዙውን ጊዜ ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ ይከማቻል፤ ሐሙስ ከሰኞ ይብሳል። ቢሲኖሲስ ግን አመጣጡ የተገላቢጦሽ ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰችኝ ባለቤቱ ናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቀጠሮ አብራው መጣችና «የማያስተኛን ቅዳሜ ማታ ነው» አለች፤ እንዲያው በወሬ መሃል።

ማስታወሻ ደብተሩ

ፒክ ፍሎው የሚባለውን የትንፋሽ ጉልበት መለኪያ ሰጠሁት። ፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ በኃይል ሲነፉበት ቀስቱ ይገፋል። ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከሥራ በኋላ ሦስት ሦስት ጊዜ ነፍቶ ትልቁን ቁጥር በልጁ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ይጽፋል። መለኪያው በደጋ ስስ አየር በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ፣ ሰውየውን ከሠንጠረዥ ጋር ከማነጻጸር ከራሱ ጋር ማነጻጸር መረጥኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት 470 (በደቂቃ ሊትር) ነፋ፤ ማታ 360። እሁድ ከ430 ወደ 370፣ ሰኞ ከ420 ወደ 390 ወረደ። ሐሙስ ሲደርስ ጠዋት 415፣ ማታ 400 ነው። ዓርብን አርፎ ውሎ ማታ 465 ነፋ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከ475 ወደ 370። በሌላ አነጋገር ቅዳሜ ቅዳሜ ከትንፋሽ ጉልበቱ 22 ወይም 23 በመቶ ያጣል፤ ሐሙስ የሚያጣው 4 በመቶ አይሞላም። ሐሙስ ጠዋት ግን ወደ ቅዳሜ ጠዋቱ 470 አልተመለሰም። ሳምንቱን ሙሉ ታፍኖ ነው የሚሠራው፤ ለምዶት እንጂ።

በሦስተኛው ቀጠሮ አንድ ነገር ይህን ሁሉ ሊያፈርስብኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ታጨሳለህ?» ብዬ «ወላሂ አላጨስም» ብሎኝ ነበር። አሁን «ጫት ስትቅምስ?» አልኩት። ሳቀ። «ያኔማ ሁለት ሦስት…» ጫት የሚቅመው ዓርብ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር፣ በተዘጋ ክፍል፣ እስከ ምሽት። እንግዲህ ቅዳሜ የሚያመው ከዓርቡ ሲጋራና ከእንቅልፍ ማጣት ቢሆንስ?

ሞተሩ ሲቃጠል

መልሱን ያገኘነው በዕድል ነው። የካቲት ላይ አንድ ረቡዕ ከሰዓት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የማሽኑ ሞተር ተቃጠለ። የሚጠመጥመው ባለሙያ ኮምቦልቻ ነው፤ ሽቦ ይጠበቅ ተባለ። ቤቱ ከሐሙስ ጀምሮ 12 ቀን ተዘጋ፤ ሥራ የተጀመረው ማክሰኞ ነው።

ሰውየው በእነዚያ ቀናት ደሴ ነበር፤ ብርዱም እንዳለ፣ የማድ ቤቱ ጭስም እንዳለ። ሁለቱንም ዓርብ ቅሟል፣ አጭሷልም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት 480፣ ማታ 475። ሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት 500፣ ማታ 490። ማክሰኞ ማሽኑ ተነሳ፤ ጠዋት 510፣ ማታ 380። እስከዚያ ካየነው መውደቅ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ 130፣ ማለትም ሩብ ያህል።

ብርዱም ጫቱም ሲጋራውም በቦታቸው እያሉ ሕመሙ ከማሽኑ ጋር ሄደ፤ ከማሽኑ ጋር ተመለሰ። ሆን ብሎ ማንም እንዲህ ያለ ሙከራ ሊያዘጋጅለት አይችልም ነበር፤ 12 ቀን ያለ ደመወዝ መቀመጥ ማለት ነውና። ሀጂው በወቅቱ በደረሰባቸው ኪሳራ ሲያማርሩ እኔ በደብተሩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ትንሽ አፍሬያለሁ።

ስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም የትንፋሽን መጠንና ፍጥነት በመሣሪያ የሚለካው ምርመራ፣ የተሠራለትም በዚያው ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ሰከንድ የሚያስወጣው አየር 2.60 ሊትር፣ ሳልቡታሞል ከወሰደ በኋላ 2.78 ሊትር ሆነ። ጭማሪው 180 ሚሊ ሊትር፣ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ ለአስም ይጠበቅ ከነበረው 12 በመቶና 200 ሚሊ ሊትር በታች። ከመድኃኒቱ በኋላም ከጠቅላላ ትንፋሹ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው 68 በመቶ ብቻ ነው። ለ36 ዓመት ሰው ይህ ዝቅተኛ ነው። ከጠበበው ቧንቧ ከፊሉ ከእንግዲህ ላይከፈት ይችላል ማለት ነው።

ከአንዱ ወደ አሥራ አንዱ

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን አንድ ሰው በአቧራ ከታመመ አጠገቡ የቆሙትስ?

ሀጂውን አስፈቅጄ ሠራተኞቹን በሙሉ ጠየቅሁ፤ 11 ናቸው። ጥያቄዬ «አርፈህ በተመለስክበት በመጀመሪያው ቀን ደረትህ ይጨመቃል?» የሚል ነበር። ማሽኑን ከሚያጎርሱት 4 ሰዎች 3ቱ አዎ አሉ። ፍራሽ ውስጥ ጥጥ ከሚሞሉት 3 ሰዎች አንዱ አዎ አለ። ከውጭ በረንዳ ላይ ከሚሰፉት 3 ሰዎችና ከሻጩ አንድም የለም። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ መቶኛ አላወጣሁለትም፤ መስመሩ ግን ይታያል፤ ለማሽኑ የቀረበ ይብስበታል።

ተመሳሳዩ መስመር ከረጅም ጊዜ በፊት በአገራችን ተመዝግቧል። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመው በኢትዮጵያ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የተሠራ ጥናት 595 ሠራተኞችን መርምሮ፣ ጥጥ በሚበትነው ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶ፣ ባዘቶ በሚያወጣው ክፍል 37.5 በመቶ፣ በሌሎቹ ክፍሎች ከ4 እስከ 24 በመቶ ቢሲኖሲስ አግኝቷል። በአየሩ የለካው የጥጥ አቧራ በሜትር ኩብ ከ0.86 እስከ 3.52 ሚሊ ግራም ነበር፤ አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. ለፈትል ሥራ ያወጣችው ጣሪያ 0.2 ነው። ተመራማሪዎቹ ትንፋሽ የለኩት ከሳምንት ዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን፣ ከሥራ በፊትና በኋላ ነው። እነሱ በትክክል ጠይቀዋል። እኔ ግን የቀኑን ስም ብቻ ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ ሀጂውን ባለፉት አምስት ዓመታት ከማሽኑና ከመሙያው ማን እንደወጣ ጠየቅኋቸው። 6 ሰዎች ቆጠሩ፤ 4ቱን አገኘሁ። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ሳውዲ ሄዶ ተመልሷል፣ ሁለቱ የቀን ሥራ ላይ ናቸው። 3ቱ የወጡት በደረታቸው ምክንያት ነው። ሀጂው ይህን አያውቁም፤ «ሰነፉብኝ» ነበር የሚሉት። ቤቱ ውስጥ የቀሩትን ብቻ ቆጥሬ ብመለስ ኖሮ የበሽታውን ግማሽ ባጃጅ ላይ ትቼው እመጣ ነበር።

አቧራውን ለመያዝ የተሞከረው

መጀመሪያ ጥጡን ውኃ ማርከፍከፍ ተሞከረ። አቧራው እውነትም ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሁለት ደንበኞች ፍራሹ ሸተተን ብለው መለሱ። እርጥብ ጥጥ ውስጥ ሻጋታና ባክቴሪያ ስለሚራባ ሐሳቡ ከመነሻው ስህተት ነበር፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የሁለቱን ፍራሽ ኪሳራ ሀጂው ቻሉት።

ከዚያ ከኮሮና ጊዜ የተረፉ ወፍራም ማስኮች አመጣሁ። የመጀመሪያውን ቀን ሁሉም አደረጉ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጥጡ ደፈናቸው፤ ለመተንፈስ አገጫቸው ላይ አወረዱት። በሳምንቱ ማስኩ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።

የሠራው ሦስተኛው ነው፤ ሐሳቡም ከሠራተኞቹ መጣ። አንደኛው ብየዳ ቤት የሠራ ነበር። ማሽኑን በላሜራ ሳጥን ሸፈኑት፤ ጥጡ የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍት ብቻ ቀረ። በሳጥኑ ጀርባ ቧንቧ ገጥመው በኤሌክትሪክ ብሎወር አቧራውን ወደ ውጭ ሳቡት። ውጤቱ በዚያች የፀሐይ ጨረር ታየ፤ ገመዷ ቀጭን ሆና ዋለች። ውጭ ያለው ግን የጎረቤት ግቢ ነበር። በማግሥቱ ልብስ ያሰጡ እናት «ልጆቼ፣ እኔን ፍራሽ ልታደርጉኝ ነው?» እያሉ መጡ፤ የሰጡት ነጠላ በሙሉ ጥጥ ለብሷል። ነገሩ ቀበሌ ሳይደርስ በሀጂው ይቅርታና በአንድ አዲስ ትራስ አለቀ። ቧንቧው ጫፍ ላይ ሁለት ድርብ ጆንያ ታሰረ፤ አሁን በየቀኑ ማታ ይራገፋል።

ሰውየውን ራሱን ከማሽኑ ወደ ስፌት ለማዛወር የተደረገው ሙከራ ግን አልሆነም። ክፍያው በተሠራው ልክ ነው፤ ስፌት ለጀማሪ ግማሹን አያስገኝም። አንድ ወር ታግሦ እሁድ እሁድ ተደብቆ ወደ ማሽኑ ይመለስ ጀመር፤ ደብተሩ አጋለጠው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ የሚመጣ በሽታ በሥራ ላይ እንደደረሰ ጉዳት ይቆጠራል። ይህን ነግሬው ነበር። «ሀጂ አጎቴ ናቸው፤ ልጄንም እሳቸው ናቸው ያስተማሩልኝ» አለኝ። በግድ ላስከስሰው አልችልም።

መድኃኒቱና ረመዳን

አስም አይደለም ብዬ ሙሉ በሙሉ መደምደም ስላልቻልኩ ስቴሮይድ ያለውን የቤክሎሜታዞን ፓፍ ጠዋትና ማታ ጀመርኩለት፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ቂጥ ቀዳዳ አበጅተን ፓፉን እየሰካ በጠርሙሱ አፍ እንዲስብ። መጋቢት 14 ረመዳን ሲገባ አቆመው፤ ሳይነግረኝ። ያወቅሁት በጠዋት ቁጥሮቹ መውረድ ነው። ቤክሎሜታዞኑን በሱሁርና ካፈጠረ በኋላ እንዲወስድ አደረግን፤ ይህ ከቀድሞው ሰዓትም ብዙ አይርቅም። ለድንገተኛው ሳልቡታሞል ሼኩን ጠየቀ፤ ደረቱ ከተዘጋ ፓፉን ስቦ፣ ቀኑን በኋላ ቀዷ እንዲያወጣ፣ ማለትም ሌላ ቀን ጾሞ እንዲተካ ነገሩት። ይህን ውይይት ረመዳን ከመግባቱ በፊት ልጀምረው ይገባኝ ነበር። ወሎ ውስጥ የምሠራ ሐኪም ሆኜ መርሳቴ አይገባም።

ዒድ ሚያዝያ 13፣ ዓርብ ዋለ። ቤቱ እስከ እሁድ ተዘግቶ ሰኞ ተከፈተ። ሰውየው ያኔ ወደ ማሽኑ ተመልሷል፤ ሳጥኑም ተገጥሟል። ከሦስት ቀን ዕረፍት በኋላ ጠዋት 500፣ ማታ 455 ነፋ። 9 በመቶ ነው፤ ከቀድሞው 25 በመቶ ጋር ሲተያይ ብዙ መሻሻል ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም። እንዲያው ለነገሩ፣ በመጨረሻ እንደ መጽሐፉ ሰኞ የታመመው ያን ዕለት ነው።

ለሌላ ቦታ የሚሆን

ይህን ጉዳይ ለጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ ስነግር የምጀምረው ከጥያቄው ነው። ከውጭ የተተረጎመ መጠይቅ ቃሉ አማርኛ ቢሆንም ሳምንቱ የሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ዓርብ የሚያርፍ አለ፣ በገበያ ቀን የሚያርፍ አለ፣ በወር በዓል የሚያርፍ አለ። «መቼ ታርፋለህ?» ሳይባል «መቼ ያምሃል?» ማለት ግማሽ ጥያቄ ነው። «ታጨሳለህ?» የሚለውም እንዲሁ «ስትቅምስ?» ካልተከተለው ትርጉም አይሰጥም።

ፒክ ፍሎው ርካሽ ነው፤ ስፓይሮሜትሪ የሌለው ጤና ጣቢያም ሊጠቀምበት ይችላል። ሁለት የሥራ ሳምንትና ቢያንስ አንድ ረዘም ያለ ዕረፍት ካካተተ ብዙ ይናገራል። የእኔ ታካሚ ቀኑን ሁለቴ ነው የነፋው፤ አራቴ ቢነፋ ይሻል ነበር፣ ሥራ ቦታ ላይ ግን ለመንፋት ያፍር ነበር። ሌላ በሽታውን ያቀለለ የሚመስል ነገር ሲገኝ፣ ቦታ መቀየርም ይሁን ጸበል፣ ሰውየው እዚያ ሳለ ሥራ ይሠራ እንደነበር መጠየቅ ይገባል።

የማድ ቤቱን ጭስ በተመለከተ ምንም አልሠራንም። ግድግዳው ያው ነው።

መስከረም

በመስከረም 2016 ስፓይሮሜትሪው ተደገመ፤ 2.64 ሊትር። በየካቲት ከነበረው ጋር ያው ነው ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ማታ አሁን ይተኛል፤ የጠፋው ግን አልተመለሰም። ሀጂው ከማሽኑ አንሥተው ውዳቂ ጥጥ ገዥ አድርገውታል፤ በሳምንት ሁለቴ ኮምቦልቻ ይመላለሳል። ሐረጎን ሲወጣ ደረቱ ይይዘው እንደሆነ ጠየቅሁት። «ኧረ ዶክተር፣ እሱ ድሮ ነው» አለ።

በእሱ ቦታ ማሽኑን የሚያጎርሰው የ19 ዓመት ልጅ ተቀጥሯል። ሰውየው ራሱ ነው ሐሙስ ዕለት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይዞት የመጣው። ልጁ ቱቦውን ሲነፋ ሳቁ እያመለጠው ሁለቴ ተበላሸበት። በሦስተኛው 590 ነፋ። አዲስ ደብተር ገዝተው ነበር፤ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ጻፍኩት።